ሦስቱ ሴቶችና የሆቴሉ ሻንጣ ተሸካሚ
(ስለ ካሳ ክስ ታሪክ የተሰጠ ንግግር)

እኅቶቼ፣ ባለፈው ስለ ደመወዝ ክስ ከተነጋገርን በኋላ አንዳንዶቻችሁ ለብቻ ጠርታችሁኝ ያነሣችሁት ጥያቄ ነው ለዛሬ ያመጣኝ። «እጁን የሰደደብኝን፣ በቃሉም ያዋረደኝን ሰው ፖሊስ ባያስረው እንኳ እኔ ራሴ ከስሼ ካሳ ማስከፈል እችላለሁ ወይ?» ብላችኋል። ይቻላል። ቀላል ነው ግን አልልም። እንዴት እንደሆነ በታሪክ ብናየው ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። የወንጀል ክስ የመንግሥት ነው። ዓቃቤ ሕግ ይከሳል፣ እናንተ ትመሰክራላችሁ፣ መጨረሻው እስራት ወይም መቀጮ ነው። የፍትሐ ብሔር ክስ ግን የተበዳይዋ የራሷ ነው። ከሳሿ እናንተ ናችሁ፤ የምትጠይቁትም የደረሰባችሁን ጉዳት የሚክስ ገንዘብ ነው። እዚህ አገር የፊተኛውን «ሐቅ ዓም»፣ የኋለኛውን «ሐቅ ሸኽሲ» ይሉታል። ይህችን ሁለተኛዋን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ካሳ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አገራችን ላይ ደም ሲፈስ ሽማግሌ ተቀምጦ ካሳ ይቆርጣል፤ ኦሮሞው ጉማ ይለዋል። በሴት ልጅ ክብር ላይ ለተሠራ በደል የሚቆረጠው ካሳ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገባው ወደ አባት ወይም ወደ ባል እጅ ነበር። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራ፣ በቁጥር 2114 ላይ ለተደፈረች ወይም ክብሯን የሚነካ ድርጊት ለተፈጸመባት ሴት ካሳ እንዲከፈል ፈቀደ። ነገር ግን አድራጊው አስቀድሞ በወንጀል ችሎት የተፈረደበት መሆን አለበት። ለባልዋ ወይም ለቤተሰብዋም ካሳ ሊሰጥ ይችላል ይላል፤ የድሮው ልማድ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ ቁጥር 2116 ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጀለት። ያን ጊዜ ዶላር በ2 ብር ከ50 ሣንቲም ገደማ ይመነዘር ስለነበር 1000 ብር 400 ዶላር ያህል ነው፤ ትንሽ ገንዘብ አልነበረም። ያ ጣሪያ ዛሬም በሕጉ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በ1000 ብር ዛሬ አዲስ አበባ ምን እንደሚገዛ ቤተሰብ የምትረዱ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ታሪክ ልግባ። ነገሩ የተፈጸመው አሜሪካ ውስጥ አትላንታ በምትባል ከተማ ነው፤ ሥሩ ግን አዲስ አበባ ነው። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1977 እና በ1978፣ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ ነበር። በእርሱ ሥልጣን ሥር ታስረው ከተሠቃዩት መካከል ሂሩት አበበ፣ እጅጋየሁ ታዬና ኤልሳቤጥ ደምሴ ይገኙበታል፤ ያን ጊዜ ገና ወጣቶች ነበሩ። ልብሳቸውን እንዲያወልቁ እየተገደዱ፣ እየታሰሩም ተገረፉ። ከዓመታት በኋላ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ተሰደው ሰሜን አሜሪካ ገቡ።

እጅጋየሁ አትላንታ ውስጥ በአንድ ሆቴል አስተናጋጅ ሆና ትሠራ ነበር። እዚያው ሆቴል የእንግዳ ሻንጣ የሚሸከመው ሰውዬ ማን ሆኖ ተገኘ? ቀልቤሳ። አስቡት እስቲ፤ አንድ አሠሪ፣ አንድ የሠራተኞች መግቢያ በር። ሦስቱ ሴቶች ተገናኙና ተማከሩ። ወንጀሉ የተሠራው ኢትዮጵያ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በወንጀል የሚከስስላቸው ዓቃቤ ሕግ አልነበረም። ጠበቆች ግን አንድ መንገድ አሳዩአቸው። በ1789 የወጣ አሮጌ የአሜሪካ ሕግ፣ የውጭ አገር ሰው የዓለምን ሕግ ጥሶ ለበደለው ሰው ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ይህን ሕግ ከእንቅልፉ የቀሰቀሱት ከፓራጓይ የመጡ አባትና ልጅ ነበሩ፤ የቤተሰባቸውን ወጣት በሥቃይ የገደለውን የፖሊስ ሹም ኒውዮርክ ውስጥ ከስሰው በ1980 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መክሰስ ትችላላችሁ አላቸው።

የእኛዎቹ በ1990 ክሳቸውን አቀረቡ። ጉዳዩ በ1993 ተሰማ። ቀልቤሳ ያለ ጠበቃ ራሱ ተከራከረ፤ ይህም ማለት ሴቶቹ በሰውዬው ፊት ቆመው ነው የተናገሩት። ያን የመሰለ ምስክርነት ምን ያህል እንደሚከብድ እዚህ ላይ ማብራራት አያስፈልገኝም። ዳኛው አመኗቸው። ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር፣ በድምሩ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱላቸው። ገንዘቡ በሁለት ተከፍሎ ነበር፦ 200,000 ለደረሰባቸው ጉዳት፣ 300,000 ደግሞ ለበደለኛው መቅጫ። ቀልቤሳ ይግባኝ ቢልም በጥር 1996 ተረታ።

ሻንጣ ተሸካሚ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ከየት ያመጣል? ገንዘቡ እንደተፈረደው አልተከፈለም። ይህን ሳልደብቅ የምነግራችሁ አንዳንድ ሰው «ካሳ» ሲባል ወዲያው ቤት መሥሪያ ስለሚመስለው ነው። ሰውዬው በ1995፣ ይግባኙ ገና ሳይወሰን፣ የአሜሪካ ዜግነት እንኳ አግኝቶ ነበር። ነገር ግን ፍርዱ በመዝገብ ተቀምጧል፤ ሴቶቹም ዝም አላሉም። በ2004 ዜግነቱ ተሰረዘ፤ በ2005 ተያዘ፤ በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። እዚያም በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ይጠብቀው ነበር። የፍትሐ ብሔር ፍርድ ወኅኒ አያስገባም፤ ሆኖም በዳኛ ፊት የተረጋገጠ ነገር ሌላ በር ሲከፍት እዚህ ላይ እናያለን።

አሁን ወደ ዓማን እንምጣ። የዮርዳኖስ የፍትሐ ብሔር ሕግ የ1976 ነው። አንቀጽ 256 ሰውን የጎዳ ሁሉ ይካስ ይላል። አንቀጽ 267 ደግሞ የሞራል ጉዳትን ይጨምራል፤ ነፃነትን፣ ክብርን፣ ስምን መንካት ያስክሳል። እንደ እኛው 1000 ብር ያለ ጣሪያም እዚያ አንቀጽ ላይ የለም። ይህ ሕግ ሐበሻና ዮርዳኖሳዊ አይልም። የቤት ሠራተኛ ግን ለብዙ ዘመን ከሥራ ሕጉ ውጭ ነበረች። በ2008 ሕጉ ተሻሽሎ ገባች፤ በ2009 ለቤት ሠራተኞች የተለየ ደንብ ወጣ። በዚሁ የሥራ ሕግ አንቀጽ 29 መሠረት አሠሪው ወይም ወኪሉ ቢመታት፣ ቢያዋርዳት ወይም ጾታዊ ጥቃት ቢፈጽምባት፣ ሠራተኛዋ ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ ሥራውን ትታ መብቷንና ካሳዋን መጠየቅ ትችላለች። በ2023 ደግሞ ጾታዊ ትንኮሳ በሥራ ሕጉ ውስጥ በስሙ ተጠርቶ ገባ። በወንጀሉ በኩልም ለውጥ አለ፤ ደፋሪ የደፈራትን ቢያገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት አንቀጽ 308 የተሻረው በ2017 ነው።

ወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ ምስክር የለም፣ ስልክ ይወሰዳል፣ ከቤት የወጣች ዕለት «ጠፋች» ተብሎ ይመዘገብባታል፣ ኢቃማዋ ሲያልፍ ቅጣቱ በየቀኑ ይቆጠራል። ጎረቤታችን ቤይሩት ውስጥ በጥቅምት 2020 አንዲት ኢትዮጵያዊት፣ ስምንት ዓመት ያህል ሠርቼ አብዛኛው ደመወዜ አልተከፈለኝም፣ እንደ ባሪያም ተይዣለሁ ስትል ክስ ያቀረበችው ከዚያ ቤት ከወጣች በኋላ ነው። ውስጥ ሆኖ መክሰስ ከባድ ነው።

ስለዚህ «ሐቅ ሸኽሲ» ያልኳችሁን አስታውሱ። እዚህ አገር የካሳውን ጥያቄ ከወንጀሉ ክስ ጋር አያይዞ እዚያው ችሎት ማቅረብ ይቻላል፤ ለብቻውም በፍትሐ ብሔር ማህከማ ማቅረብ ይቻላል። ተበዳይዋ ግን «ኢስቃጥ» የሚሉትን ወረቀት ከፈረመች የግል መብቷን ተውኩ ማለቷ ነው። ካሳው ይቀራል፤ የሰውዬውም ቅጣት ብዙ ጊዜ ይቀልለታል። ዮርዳኖሶች ልክ እንደ እኛ ሽምግልና ይወዳሉ፤ ሱልሐ ይሉታል። እኔ ሽምግልናን አልነቅፍም፣ በእርሱ ያደግሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ማዳምና የቢሮው ሰው ተስማምተው፣ ትኬት እንቆርጥልሻለን ብለው፣ በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት ሲያቀርቡላችሁ ያ ሱልሐ አይደለም። ከመፈረማችሁ በፊት የሚያነብ ሰው ጥሩ። ከ2007 ጀምሮ ለስደተኛ ሠራተኞች የሕግ ርዳታ የሚሰጠው ተምኪን እዚሁ ዓማን ነው።

የቀረኝ ስለ ጊዜ ነው። በአንቀጽ 272 መሠረት የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱንና አድራሹን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ነው፤ ከወንጀል የመጣ ከሆነና የወንጀሉ ክስ ገና ክፍት ከሆነ ግን አይዘጋም። ወደ አገር የምትገቡም ብትሆኑ ከመሄዳችሁ በፊት ለጠበቃ ወካላ ብትሰጡ ጉዳዩ እናንተ በሌላችሁበት ይቀጥላል። የሐኪም ወረቀት፣ የስልክ መልእክት፣ ቀንና ሰዓት የጻፋችሁበት ደብተር ካለ ዋናውን ለማንም አትስጡ፤ ፎቶውን አንሥታችሁ ለምታምኗት እኅት ላኩላት።