ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪኖችና የ1966ቱ የነዳጅ ዋጋ

በማኅበራችን የኢዮቤልዩ መጽሔት ስለ አሮጌ የአሜሪካ መኪና መጻፋችን ለምን ይሆን የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ እነዚያን መኪኖች አሜሪካ ውስጥ ከገበያ ያስወጣው የነዳጅ ዋጋ የአዲስ አበባን ታክሲ ነጂዎች ለአድማ አስነስቷል፤ ከዚያ ወዲያ የመጣው ዘመንም ብዙዎቻችንን ከአገር አውጥቶ ናይሮቢ አድርሶናል። ሁለተኛ፣ ከመካከላችን በጋራዥ ሥራ ልጆቹን ያሳደገ ጥቂት አይደለም። አሮጌ መኪና እንዴት እንደሚነሳ ማወቅ ለእኛ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ጉልበተኞቹ መኪኖች

አሜሪካኖች "መስል ካር" ይሏቸዋል፤ ጡንቸኛ መኪና እንደማለት ነው። ዘዴው ቀላል ነበር። መጠኑ መካከለኛ፣ ዋጋውም የማይከብድ መኪና ይወሰድና ለትልቅ መኪና የተሠራ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ይገጠምበታል። ብዙዎች የመጀመሪያው የሚሉት እ.ኤ.አ. የ1964ቱን ፖንቲያክ ጂ.ቲ.ኦ. ነው። በዚያን ጊዜ ጄኔራል ሞተርስ በመካከለኛ መኪኖቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች በላይ የሆነ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር። የፖንቲያክ ዋና መሐንዲስ ጆን ዲሎሪያንና ባልደረቦቹ ግን ባለ 389 ኪዩቢክ ኢንች (6.4 ሊትር) ሞተር ቴምፔስት ለተባለው መኪና አቀረቡ። ገዢው ከፈለገ የሚጨመርለት ዕቃ እንጂ አዲስ ሞዴል ስላልተባለ ክልከላውን አለፈ። በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ያህል ተሸጠ።

በዚያው ዓመት ኤፕሪል 17 ቀን ፎርድ ሙስታንግን አወጣ። መነሻ ዋጋዋ 2,368 ዶላር ነበር። ከሥር የተሠራችው ፋልከን ከተባለችው ተራ የቤተሰብ መኪና በመሆኑ ወጣት ሠራተኛም ሊገዛት ቻለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አንድ ሚሊዮን ያህል ሙስታንግ ተሸጠ።

ዘመኑ ግን አጭር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ፤ የኢንሹራንስ ክፍያ ናረ፤ ፋብሪካዎችም የሞተሮቹን ኃይል መቀነስ ጀመሩ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የዓረብ ነዳጅ አምራቾች ለአሜሪካ መሸጥ አቆሙ። ወደ ሦስት ዶላር የነበረው የአንድ በርሜል ዋጋ በጥቂት ወራት ወደ አሥራ ሁለት ዶላር ተጠጋ። ቤንዚን እንደ ውሃ የሚጠጡት መኪኖች በየደጁ ቆሙ፤ ብዙዎቹም ለቁርጥራጭ ብረት ሄዱ።

ያው ዋጋ በአዲስ አበባ

ይህ ዋጋ አዲስ አበባ ሲደርስ ያገኘው ሰይቼንቶን ነው፤ ሞተሯ አንድ ሊትር እንኳ የማይሞላ ትንሽ ፊያት። በ1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሃምሳ በመቶ ያህል ሲጨምር የታክሲ ነጂው የዕለት ገቢ ተነካ። የካቲት 11 ቀን ታክሲዎች ቆሙ፤ መምህራንም በዚያው ዕለት አድማ መቱ። እርግጥ ነው፣ ለአብዮቱ ምክንያቱ ቤንዚን ብቻ አልነበረም። የወሎ ረሃብ፣ የመሬት ጥያቄ፣ በጥር ወር በነገሌ የተነሳው የወታደሮች ቅሬታም ነበሩ። መንግሥት የነዳጁን ዋጋ ቢቀንስም ነገሩ አልበረደም። የአክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ የካቲት 20 ቀን ሥራውን ለቀቀ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ቀጥሎ የሆነውን ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ ወደ ሱዳን፣ ወደ ጅቡቲና ወደ ኬንያ የተሰደድነው ራሳችን ነንና።

በቤት ውስጥ ማደስ

በየጓሮው የቆሙት የአሜሪካ መኪኖች ከዓመታት በኋላ እንደገና ተፈለጉ። በልጅነታቸው የተመኟቸው ሰዎች ጎልምሰው ገንዘብ ሲይዙ በየቤታቸው ጋራዥ ማደስ ጀመሩ። ሥራው ምን እንደሚጠይቅ በሙስታንግ እናሳይ።

መጀመሪያ የሚነበበው የሻንሲ ቁጥር ነው። በ1960ዎቹ ሙስታንግ ቁጥር ውስጥ አምስተኛዋ ምልክት መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የተገጠመላትን ሞተር ትናገራለች። ስለዚህ ባለ ስድስት ሲሊንደር የነበረችውን ባለ ስምንት ናት ብሎ የሚሸጥ ሰው ቶሎ ይያዛል። የ1964ቱ ጂ.ቲ.ኦ. ግን ተጨማሪ ዕቃ የተገጠመለት መኪና ስለነበር ቁጥሩ ብቻውን አያረጋግጥም፤ የፋብሪካ ሰነድ ይፈለጋል።

ቀጥሎ ዝገት ነው። ከፊት መስታወቱ ሥር አየር የሚያስገባው ሳጥን ሲበሰብስ የዝናብ ውሃ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ወለሉን ብቻ ቀይሮ ሳጥኑን የተወ ሰው ሥራውን በውሃ ላይ ጻፈው። ሙስታንግ ራሱን የቻለ ሻንሲ የላትም፤ አካሏ ነው የሚሸከማት። በመሆኑም የበሰበሰው ላሜራ ከመቆረጡ በፊት የበሮቹ ክፍተት በብረት ካልተደገፈ አካሏ ይጣመማል፤ በሩም ዳግመኛ አይገጥምም።

ሞተሩ ሲፈታ የቴስታታው የቫልቭ መቀመጫዎች ይታያሉ። የዱሮው ቤንዚን እርሳስ ነበረበት፤ እርሳሱም መቀመጫዎቹን ከመበላት ይጠብቅ ነበር። ዛሬ እርሳስ ስለሌለ ጠንካራ መቀመጫ ማስገባት የተለመደ ነው። ፍሬንም አለ። እስከ 1966 ሞዴል ድረስ የፍሬን ዘይቱ መስመር አንድ ብቻ ነበር፤ አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። አስተዋይ አዳሽ ከቀለሙ በፊት ይህን ወደ ሁለት መስመር ይለውጣል።

ከናይሮቢ የተገኘ ትምህርት

የእኛዋ ከተማም በዚህ ታሪክ ድርሻ አላት። እ.ኤ.አ. በ1964 በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር ላይ መርኩሪ ኮሜት የተባሉ ባለ ስምንት ሲሊንደር የአሜሪካ መኪኖች ተሰልፈው ነበር። በጭቃውና በድንጋዩ አብዛኞቹ ሳይጨርሱ ቀሩ፤ ድሉም ለትንሿ ፎርድ ኮርቲና ሆነ። ለዚያው ውድድር የቮልቮ ፋብሪካ ካመጣቸው መኪኖች አንዷን የኬንያው ጆጊንደር ሲንግ ገዛት። ከሜካኒክ ቤተሰብ የተወለደ፣ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ነበር። ከወንድሙ ከጃስዋንት ጋር መልሶ አበጃት፤ በ1965 ሁለቱ ወንድማማቾች በዚያች ያገለገለች መኪና አንደኛ ወጡ። በ1974 እና በ1976ም በሚትሱቢሺ ደግሞ አሸንፏል።

አደራ

ጋራዥ ውስጥ እኛ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ እንላለን። እነዚህ ቃላት ከጣሊያንኛ ወደ አገራችን ጋራዦች ገብተው ከአባቶቻችን ጋር እዚህ ድረስ ተሰደዋል። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ግን የዕቃዎቹን ስም የሚያውቁት በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው። ሙያውን የያዙት እጆችም እያረጁ ነው። በአገራችንም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ዛሬ በየመንደሩ ያሉት አሮጌ መኪኖች ዕድሜያቸው የሚወሰነው በሚጠግናቸው ሰው ብልሃት ነው።

አሜሪካኖች የተጣለውን ከጓሮ አንስተው ሲያድሱ እያንዳንዱን ብሎን በከረጢት አድርገው፣ ስሙን ጽፈው፣ ፎቶግራፍ አንስተው ነው። ሲፈቱ ያልጻፉት ሲገጥሙ ይጠፋልና። እኛም ከአንጋፋ ሜካኒኮቻችን የምንማረውን ቃሉንም ሥራውንም እያሉ እንጻፈው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሁለት ልጅ ከጎናቸው እናስቀምጥ። ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ የምናወርሰው ከዚህ የሚሻል ቅርስ ያለን አይመስለንም።