ካሚሪቱ፦ በዓሉን ያቆመው የዓመቱ ሥራ

የወላጆች ቀን ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በየትምህርት ቤታችን የሚታየውን ሩጫ የማያውቅ መምህር የለም። ተውኔቱ በችኮላ ይጻፋል፤ ቃሉ ለተማሪዎች ይታደላል፤ ጋቢና ከዘራ ከየቤቱ ይለመናል፤ ድንኳን ይተከላል። በዓሉ ባለፈ ማግስት ግን መጋረጃው ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ይገባና እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ የሚያስታውሰው አይኖርም።

እኛም በማሠልጠኛ ተቋማችን ለብዙ ጊዜ የሠራነው እንዲሁ ነበር። በአንድ ዓመት የገበሬን ኑሮ የሚያሳይ ተውኔት አቅርበን ከተጨበጨበልን በኋላ፣ ከፊት ተቀምጠው የነበሩ አንድ አባት ጠጋ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ደግ ሠርታችኋል፤ ግን ሰውየው እርፉን በሁለት እጁ ከጨበጠ ጅራፉን በምን ሊያነሣው ነው?» አሉን። ጥያቄው በመጀመሪያ አሳቀን፤ ቆይቶ ግን አሳፈረን። አዋቂው ሰው ከደጃችን ሳሉ ያማከርናቸው ነገሩ ካለፈ በኋላ ሆነና።

ኪነ ጥበብ ከሕዝብ ጋር ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። በጎረቤታችን በኬንያ ካሚሪቱ በምትባል መንደር የተደረገው ለዚህ በቂ ምሳሌ ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ ኬንያ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

መንደሪቱ እንዴት ተመሠረተች

ካሚሪቱ የምትገኘው ከናይሮቢ ወደ ሰሜን ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የሻይ ተክል በለበሰው በሊሙሩ ደጋ ነው። የተቆረቆረችው ነዋሪዎቿ ወደው አይደለም። የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ መንግሥት በጥቅምት 1952 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካወጀ በኋላ፣ በጫካ የነበሩትን የማው ማው ታጋዮች ከወገናቸው ለመነጠል ሲል ተበታትኖ ይኖር የነበረውን የጊኩዩ ገበሬ እያፈናቀለ በጠባቂ ሥር ባሉ መንደሮች ሰበሰበው። በዚህ ዓይነት ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከ800 በሚበልጡ መንደሮች እንዲሰፍር ተደርጓል።

በ1955 አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የመጀመሪያውን የትምህርት ወቅት ጨርሶ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ቤቱም ሰፈሩም ፈርሶ ባዶ ሜዳ ጠበቀው። ቤተሰቡን ያገኘው በአዲሲቱ መንደር በካሚሪቱ ነው። ይህ ተማሪ ኋላ ስሙ በዓለም የታወቀው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ነበር።

ኬንያ በ1963 ነጻነቷን ብትቀዳጅም መንደሪቱ አልፈረሰችም። መሬት ያጣው ሰው በሻይና በቡና እርሻዎች፣ በአቅራቢያዋ ባለው የባታ ጫማ ፋብሪካ፣ በጋራዦችና በየሰው ቤት እየተቀጠረ ይኖርባት ጀመር። በ1975 የሕዝቧ ቁጥር ወደ 10,000 ደርሶ ነበር። ትልቅ ሰው የሚማርበት ቤትም ሆነ ወጣቱ የሚሰባሰብበት ደህና ሥፍራ ግን አልነበራትም። የወጣቶች ማእከል ተብሎ የተከለለ ሰፊ ሜዳና በሜዳው ላይ ጣሪያው የዘመመ፣ ግድግዳው የፈረሰ ባለ አራት ክፍል የጭቃ ቤት ብቻ ነበር።

በፊደል የተጀመረው ሥራ

በ1976 አንዲት የመንደሪቱ ሴት ወደ ንጉጊ ቤት ሄደው፣ «የተማርህ ነህ ይሉሃል፤ መጽሐፍም ትጽፋለህ። ለምን መጥተህ ከእኛ ጋር አትሠራም?» በሚል መንፈስ ጠየቁት። ንጉጊ በዚያን ጊዜ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበር፤ ልብ ወለዶቹንም የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነበር። ሴትየዋ አንድ ጊዜ ጠይቀው አልተዉትም፤ በተከታታይ አራት እሑድ ተመላለሱበት። በመጨረሻ እሺ አለ።

ከገበሬውም ከሠራተኛውም የተውጣጣ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ያወጣው ዕቅድ የጎልማሶች ትምህርትን፣ ባህልን፣ የምርት ሥራንና ጤናን አንድ ላይ የያዘ ነበር። የትምህርቱን ሥራ ያስተባበረው ንጉጊ ዋ ሚሪ ነው። መንገዱም የብራዚሉ የትምህርት ሰው ፓውሎ ፍሬሬ ያስተማረውን የተከተለ ነበር፤ ፊደል የሚቆጠረው የተማሪውን ኑሮ በሚመለከቱ ቃላት ሲሆን፣ ስለ መሬት፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ውሃ እየተወያዩ ያነቡና ይጽፉ ነበር። የመጀመሪያውን ትምህርት 55 ሰዎች ጨረሱ። ብዙዎቹም የየራሳቸውን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ለመጻፍ በቁ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። ጎልማሳው ማንበብ ቻለ፤ በገዛ ቋንቋው የሚያነበውስ ምን ነበረ? ተውኔቱ የመጣው ከዚህ ጥያቄ ነው። የእንግዳ ቀን ስለ ደረሰ ወይም መድረክ ባዶ እንዳይሆን ተብሎ አልተዘጋጀም።

ልምምዱ ራሱ ትምህርት ቤት ሆነ

ሁለቱ ንጉጊዎች ረቂቁን እንዲያዘጋጁ በታኅሣሥ 1976 ከመንደሪቱ አደራ ተቀበሉ። ረቂቁ በሚያዝያ 1977 ለሕዝቡ ተነበበ፤ እስከ ሰኔም ሲታረምና ሲስፋፋ ቆይቶ ልምምዱ ተጀመረ። አዘጋጁ ኪማኒ ጌቻው ነበር። የተውኔቱ ርእስ በጊኩዩ ቋንቋ «ንጋሂካ ንዴንዳ» ሲሆን ትርጓሜው «ሲያሰኘኝ አገባለሁ» ማለት ነው።

ታሪኩ ኪጉንዳ ስለሚባል ድኻ ሰው ነው። ያለው ሀብት የአንድ ሄክታር ተኩል ሳይሆን የአንድ ኤከር ተኩል መሬትና የባለቤትነት ደብተሩ ብቻ ነው። ባለጸጋው ኪዮይ፣ ኪጉንዳና ሚስቱ እንደገና በቤተ ክርስቲያን እንዲጋቡ ያባብላቸዋል። ለሠርጉ ወጪ ደብተሩ በባንክ ተይዞ ገንዘብ ይበደራሉ። በመጨረሻ መሬቱ በሐራጅ ሲሸጥ የሚገዛው ያው ኪዮይ ነው። ይህ ለሊሙሩ ሰው ተረት ሳይሆን በጎረቤቱ ቤት ያየው ነገር ነበር።

ልምምዱ የሚካሄደው በግልጽ ሜዳ ስለ ነበር ያለፈ ያገደመው ሁሉ ቆሞ ያያል፤ ሐሳብም ይሰጣል። የሠርግ ዘፈኑ ተሳስቶ ሲዘፈን ባልቴቶች ተነሥተው ያርማሉ። የፋብሪካው ሠራተኛ የሥራውን ሂደት ከነድካሙ ያስረዳል። በማው ማው ዘመን የነበሩት ሽማግሌዎች የትግሉ ታሪክ እንዴት እንደሚነገር ያሳያሉ። ደራሲዎቹም ቋንቋውን ከሕዝቡ ዘንድ እንደ አዲስ ተማሩ፤ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ከጊዜ በኋላ በጻፈው መጽሐፉ ይህን ዘመን ለእርሱ እንደ ትምህርት ቤት ቆጥሮታል።

መድረኩንም የሠሩት ራሳቸው ናቸው። ወጣቶች በክብሪት እንጨት አምሳያውን ከሠሩ በኋላ፣ 2,000 ሰው የሚያስቀምጥ ጣሪያ የሌለው ቲያትር በሜዳው ላይ አቆሙ። መድረኩ ከፍ ያለና ግማሽ ክብ ሲሆን ከኋላው የቀርከሃ አጥር ነበረው።

ጥቅምት 2 ቀን 1977 ተውኔቱ ለሕዝብ ታየ። ከሩቅ ያሉት ሳይቀሩ አውቶቡስና ታክሲ ተከራይተው ይመጡ ጀመር። ስለዚህ የዚያ ቀን በዓል የቆመው በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሥራ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

እገዳውና ፍርሻው

ደስታው ግን ስድስት ሳምንት ብቻ ቆየ። ኅዳር 16 ቀን 1977 የአውራጃው ባለ ሥልጣን ለጸጥታ ሲባል በሚል ምክንያት ፈቃዱን ሰረዘ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የመጨረሻ ቀን ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ተያዘና ያለ ፍርድ ወደ ካሚቲ ወህኒ ቤት ተወሰደ። በእንግሊዝኛ የጻፋቸው ልብ ወለዶች አላሳሰሩትም ነበር፤ ያሳሰረው ገበሬው በሚሰማው ቋንቋ፣ ገበሬው ራሱ የተጫወተው ተውኔት ነው። በእስር ሳለ በመጸዳጃ ወረቀት ላይ በጊኩዩ ልብ ወለድ ጻፈ፤ በታኅሣሥ 1978ም ተፈታ።

መንደርተኛው በዚህ አልተበተነም። በ1981 «ማይቱ ንጁጊራ» (እናቴ ሆይ፣ ዝፈኚልኝ) የተባለ ሁለተኛ ተውኔት ለማሳየት ተሰበሰበ። ይህ ተውኔት በ1930ዎቹ ስለ ነበረው የሠራተኞች በደል ይናገራል፤ ዘፈኖቹም ከልዩ ልዩ የኬንያ ብሔረሰቦች የተውጣጡ ነበሩ። በየካቲት 1982 በብሔራዊው ቲያትር ሊታይ ሲል በሩ ተዘጋበት። ልምምዱ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቢዛወርም ብዙ ሺህ ሰው ከተመለከተው በኋላ እርሱም ታገደ። በመጋቢት 1982 የማእከሉ ፈቃድ ተሰረዘ፤ ወዲያውም ፖሊሶች በካሚዮን መጥተው ሕዝቡ በእጁ ያቆመውን ቲያትር አፈረሱት።

መሪዎቹ ተሰደዱ። ንጉጊ ዋ ሚሪና ኪማኒ ጌቻው ወደ ዚምባብዌ ሄደው በዚያ የመንደር ቲያትርን ሥራ ቀጠሉ። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ከ20 ዓመት በላይ በስደት ቆይቶ አገሩን ለማየት የበቃው በ2004 ነው፤ በግንቦት 2025 ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ተውኔቱ ግን በ2022 በናይሮቢው ብሔራዊ ቲያትር በጊኩዩና በእንግሊዝኛ እንደገና ታይቷል።

ከዚህ ምን እንማራለን

«ሥራው የተሳካው ታዋቂ ደራሲ ስለ ነበረበት ነው፤ እኛ ዘንድ ንጉጊ የለም» የሚል መምህር ይኖር ይሆናል። አስተያየቱ ፈጽሞ መሠረት የለውም አንልም፤ ማእከሉ ፈርሶ መሪዎቹ ሲሰደዱ ሥራው መቋረጡ አይካድም። ነገር ግን ደራሲውን ከቤቱ ያስወጣው ማን እንደ ነበር አንርሳ፤ አራት እሑድ የተመላለሱት የመንደሪቱ ሴት ናቸው። ዘፈኑን ያቀኑትም ፊደል ያልቆጠሩ ባልቴቶች ነበሩ።

የቋንቋውም ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር በ5 ቋንቋዎች ነበር፤ ኋላ 15 ደርሷል። በዚያን ጊዜ ያስተማሩ መምህራን፣ ጎልማሳ ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር እንዴት እንደሚፈጥን ያውቁታል። የሚቀረው ማንበብ የቻለው ሰው የሚያነበውና የሚጫወተው ነገር እንዳያጣ ማድረግ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። የታሪክ መምህሩ ተማሪዎቹን በመስከረም ወደ ሽማግሌዎች ልኮ ስለ ሰፈሩ አመሠራረት ያስጽፍ። የቋንቋው መምህር የሠርጉን፣ የአዝመራውንና የለቅሶውን ዜማ በደብተር ያስለቅም። ተውኔቱ ከዚህ ክምችት ይውጣ፤ ልምምዱም በር ሳይዘጋበት፣ ዐዋቂዎች እየተጠሩ ይካሄድ። ተማሪዎችም ብትሆኑ የአያቶቻችሁን ቃል የምትለቅሙት ለፈተና ብቻ እንዳይሆን።

እኛ በተቋማችን በጥቂቱ ጀምረነዋል። ስለ እርፉ የጠየቁንን አባት በተከታዩ ዓመት ገና ከጥቅምት ጀምሮ ወደ ልምምዱ ጠራናቸው። በአንድ ቅዳሜ እርፉን ከነሞፈሩ በልጃቸው አሸክመው መጡ፤ ከዕጩ መምህራኑ አንዱን ከፊታቸው አቁመውም ግራ እጁን ከእርፉ ላይ አላቀቁና ጅራፉን አስጨበጡት። በወላጆች ቀን ልጁ በሬዎቹን ሲጠራ ከተመልካቹ መካከል «እንዲህ ነው እንጂ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው፣ ለመጪው ዓመት ምን እንዳሰብን ጠየቁን።