ቱቦ ሳይሆን ቀሰም

የካሪቢያንን የመርከብ ሽርሽር የሚያስተዋውቅ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ፣ መንገደኞች የሜክሲኮዋ ኮዙሜል ደሴት ሲደርሱ ቀኑን «በቱቦ ዋና እና በባሕር ዳርቻ አሰሳ» እንደሚያሳልፉ ያበስራል። አሰሳውን እንለፈው፤ ሽፍታ የሚታደን ካልሆነ በቀር «የዳርቻ ቅኝት» ይበቃ ነበር። ቱቦው ግን አያስተኛም። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ቱቦ ማለት ክረምት ሲገባ የሚደፈን፣ ክዳኑ የተሰረቀ፣ አላፊ አግዳሚውን የሚውጥ ጉድ ነው። «የቱቦ ዋና» ሲባል አምቡላንስ ጥሩ ያሰኛል።

ነገሩን በቪዲዮም ቢሆን ያላየ የለም፦ ፊት ላይ መነጽር፣ አንድ ጫፉ አፍ ውስጥ ሌላው ከውሃ በላይ የሆነ መተንፈሻ፣ ከሥር ኮራልና ዓሣ። የፈረንጅኛው ስም፣ «ስኖርክሊንግ»፣ የመጣው ከጀርመን ባሕርተኞች ነው። ጀርመኖች በ1940 (እ.ኤ.አ.) ሆላንድን ሲይዙ ሰርጓጅ መርከቦቿ ላይ ያገኙትን የአየር መሳቢያ በኋላ ለራሳቸው ወሰዱት፤ «ሽኖርኸል» አሉት፣ በሰፈር አነጋገራቸው አፍንጫ እንደማለት። እነሱ ከሰፈር አፍንጫ ሲያነሱ እኛ ከቧንቧ ሠራተኛ ዕቃ ቤት የምንበደረው ለምንድን ነው? «ሰርጓጅ»ን የሚያህል ቃል ያወጣ ቋንቋ እኮ ነው!

«መጥለቅ» የሚሉ አሉ። አይሆንም፤ ጠላቂ አየሩን በጀርባው አዝሎ ይወርዳል፣ ይሄኛው ላይ ነው የሚቀረው። «ተንሳፋፊ ዋና» ይሻላል፣ ግን ግንድም ይንሳፈፋል፤ ትንፋሹ የታለ? «ስኖርክሊንግ» እንዳለ ይግባ የሚሉትም ዕብራይስጥ «ሽኖርከል» ብሎ መቀበሉን፣ ኤላት ያሉ ወገኖቻችንም ይህንኑ መስማታቸውን ያነሳሉ። ይሁን፤ ግስ ያርቡለትና እንስማ። ስኖረከልኩ? ተስኖረከለ?

የእኔ ምርጫ «ቀሰም» ነው። ሸማኔ ማጉን የሚያጠነጥንባት ክፍት ሸምበቆ ቀሰም ናት። ተማሪ ቀለም ሲያልቅበት ከእስክሪብቶው የሚመዘውም ቀሰም ነው። ቀጭን፣ ውስጡ ክፍት፣ አጭር። ማጠሩ ደግሞ ግድ ነው፤ የዋናተኛው መተንፈሻ ከ40 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ቢረዝም ያስወጡት አየር ውስጡ ቀርቶ ተመልሶ ይሳባል፤ ወደ ታች ቢወርዱበትም ውሃው ደረትን ተጭኖ ትንፋሽ ይነሳል። ቱቦ ከተማ ያቋርጣል፤ ቀሰም ከክንድ አይረዝምም። ንብ አበባ «ቀሰመች» ከሚለው ጋር በድምፅ መግጠሙ ምርቃት ነው፤ ሁለቱም ይስባሉ።

እንግዲህ ዕቃው ቀሰም፣ ተግባሩ የቀሰም ዋና፦ «ረፋዱን ኮዙሜል፣ ፓላንካር ኮራል ላይ በቀሰም ዋኘን፤ ከሰዓት ዳርቻውን ቃኘን።» ዋናተኛውን «ቀሰመኛ» ማለት ይከብዳል የሚል ካለ እስማማለሁ፣ ሌላ ያምጣ። ቱቦ ግን አያምጣብኝ።