የዕቃ ገዢው ሱቅ፣ «ክራምብስ» ከተሰኘው ፊልም
የሳይንስ ልቦለድ ፊልም፣ 2015 እ.ኤ.አ.፣ አማርኛ፣ 68 ደቂቃ
ዳይሬክተር፦ ሚጌል ያንሶ
ተዋንያን፦ ዳንኤል ታደሰ፣ ሰላም ተስፋዬ

ስፔናዊው ያንሶ ኢትዮጵያ ውስጥ የቀረጸው ይህ ፊልም በሮተርዳም ፊልም ፌስቲቫል ለዕይታ በቅቷል። ዓለም ከጠፋች በኋላ የተረፉ ጥቂት ሰዎች ሰማይ ላይ በተንጠለጠለ አሮጌ የጠፈር መርከብ ሥር ይኖራሉ።

በጣም የሚያስቀው ክፍል ዕቃ ገዢው ሱቅ ውስጥ ነው። ባለሱቁ የማይክል ጃክሰንን «ዴንጀረስ» ሸክላ እያገላበጠ፣ እንደ ቅርስ አዋቂ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ፈጽሞ ያልነበረ ታሪክ ይተርክለታል። ሌላ ቦታ ደግሞ ለማይክል ጆርዳን መሠዊያ ቆሞ ጸሎት ይደርሳል። ከገጸ ባሕርያቱ አንዱም አይስቅም፤ ሳቁ ዕቃዎቹን ለሚያውቅ ተመልካች የተተወ ነው። ቀልዱ ለሙዚየም መግለጫ ጸሐፊዎችም ይተርፋል።

በአዲስ አበባ የቂርቆስና የካዛንቺስ ሰው የዕቃ ገዢነትን ሙያ የሚያውቀው ከቆራሌው ነው። በየሰፈሩ እየጮኸ አሮጌ ጫማ፣ ብረታ ብረትና ጠርሙስ የሚገዛው ቆራሌው ግን ታሪክ አይጨምርም፤ ዋጋ ይቀንሳል እንጂ። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ብዙ የካዛንቺስ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ከፈረሱ ወዲህ፣ የትኛው ዕቃ ቅርስ፣ የትኛው ውራጅ ነው የሚለው ጥያቄ የፊልም ብቻ አይደለም።