የሰባተኛው ዓመት ሕግ በጊሚራና በቡናው አገር
ስለ ፍትሕና ስለ ይቅርታ የተደረገ ምርመራ

ይህን ምርመራ እንድንጀምር ያነሣሣን አንድ ቍጥር ነው፤ ቍጥሩም 7 ነው። መጋቢት 22 ቀን 1916 ዓ.ም. በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ጊዜ የወጣው የባሮች ነፃ መውጫ ሕግ፥ ጌታው የሞተበት ባርያ ለወራሾች እስከ 7 ዓመት ካገለገለ በኋላ ነፃ እንዲሆን ይደነግጋል። (ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአገራችን አቈጣጠር ነው።) ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21ን እና ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15ን ያነበበ ሰው ቍጥሩን ሲያይ ወዲያው ያውቀዋል። በዚያ የተሸጠ ዕብራዊ ወንድም ስድስት ዓመት ያገለግልና በሰባተኛው ዓመት ነፃ ይወጣል።

ሁለቱን ሕጎች ጐን ለጐን አስቀምጠን ስንመረምር ግን የሚመሳሰሉት በቍጥሩ ብቻ ሆነው አገኘናቸው። ኦሪት ዘመኑን የሚቈጥረው ባርያው ወደ ጌታው ቤት ከገባበት ቀን ጀምሮ ሲሆን፥ የ1916ቱ ሕግ የሚቈጥረው ጌታው ከሞተበት ቀን ጀምሮ ነው። በ20 ዓመቱ የተማረከ ጐልማሳ በኦሪት ቈጠራ ቢሆን በ26 ዓመቱ ነፃ ይወጣል። በእኛው ሕግ ግን ጌታው 40 ዓመት ቢቈይ ነፃነቱን የሚያገኘው በ67 ዓመቱ ነው፤ ያውም እስከዚያ በሕይወት ከቈየ። በ1923 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ 7ቱ ዓመት ወደ 1 ቢወርድም፥ ቈጠራው ያው ከጌታው ሞት ነበር። ሕጉ የወጣው ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች ከስድስት ወር በኋላ መሆኑን ስናስብ፥ ባለሥልጣኖቹ የውጭውን ነቀፌታም የአገር ውስጡን መኳንንት ቍጣም ይፈሩ እንደ ነበር እንረዳለን። ስለዚህ ሕግ አውጪውን ለመንቀፍ አንቸኩልም፤ ቈጠራው ማንን እንደ ጠቀመ ግን ዝም ብለን ልናልፈው አንችልም።

ነገሩ ከማንም በላይ የነካው የደቡብ ምዕራቡን የቡና አገር ነው። የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር በ1889 ዓ.ም. ከፋን ወግቶ ንጉሡን ጋኪ ሸሮቾን ካስገበረ በኋላ፥ ከዚያ ማዶ ያሉት የቤንች፥ የሸኮ፥ የመኢኒትና የዲዚ አገሮችም ተያዙ። በኋላ ሚዛን ተፈሪ ዋና ከተማው የሆነችው ጊሚራ፥ ከእርሱ በስተ ደቡብ ያለው ማጂ፥ ወደ ምዕራብም እስከ ቴፒ ድረስ ያለው የሸኮና የመዠንግር ጫካ ሁሉ ከአዲስ አበባ እጅግ የራቀ ድንበር ነበር። ወታደሩ በገንዘብ ደመወዝ የማይከፈለው ስለ ሆነ በገባር ይተዳደር ነበር፤ ገባሩም ማርና ቡና፥ ጥርስ (ማለት የዝሆን) ሲያጣ፥ ልጁን ወይም ራሱን ይሰጥ ነበር። ሹም ሽር በሆነ ቍጥር ደግሞ ተሻሪው ወደ መሐል አገር ሲመለስ ከነወታደሩ ሰው እየነዳ ይሄድ ነበር። በ1904 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ራሳቸው ወደ ጊሚራ በዘመቱ ጊዜ የተማረከው ሰው ብዛት የታወቀ ነው። በማጂ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው አርኖልድ ሆድሰንም ይህን የሰው መራቈት በጻፋቸው መጻሕፍት አትቶታል። ዛሬ በቡና ስሙ የሚጠራው አገር በዚያን ዘመን የሚታወቀው በሰው ንግድ ነበር።

እንግዲህ መጽሐፍ አዋቂው ጌታ ኅሊናውን በምን ያሳርፈው ነበር? መልሱ ከዚያው ከኦሪት ይገኛል፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ወንድም የሆነው እስራኤላዊ እንደ ባርያ እንዳይገዛ ከከለከለ በኋላ፥ በዙሪያ ካሉት አሕዛብ የሚገዛው ግን ለልጅ ልጅ ርስት ሆኖ እንዲቀር ይፈቅዳል። ፍትሐ ነገሥትም ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነፃ መሆኑን ከተናገረ በኋላ፥ በጦርነት የተማረከውን ባርያ የሚያደርገው የጦር ሕግ ነው ሲል ይህንኑ የኦሪት ቃል ይደግፋል። በዚህ አተረጓጐም የጊሚራ ሰው አሕዛብ ስለ ሆነ የሰባተኛው ዓመት ሕግ አይመለከተውም።

ክርክሩ በዚህ ቢቆም አንድ ነገር ነበር። ምርኮኛው ግን ይጠመቃል፤ የክርስትና ስም ይወጣለታል፤ ከጌታው ጋራ ይጾማል። ከተጠመቀ በኋላ በሐዋርያው ቃል መሠረት ወንድም ነው፤ ወንድም ከሆነ ደግሞ ዘዳግም 15 ለእርሱ ተጽፎአል። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና በላከው መልእክት ያደረገው ይህንን ነው፤ ኮብልሎ የነበረውን አናሲሞስን እንደ ወንድም ተቀበለው ይለዋል፤ ዕዳ እንኳ ቢኖርበት በእኔ ላይ ቍጠረው ብሎ ራሱን ዋስ ያደርጋል። በአገራችን ጥምቀቱ ተፈጸመ እንጂ የወንድምነቱ ሕግ አልተከተለም። በእኛ አስተያየት የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ያለው በዚህ ነው፤ ከኦሪት አሕዛብን የሚመለከተውን፥ ከወንጌል ደግሞ ባሮች ለጌቶቻቸው እንዲታዘዙ የሚያዘውን መርጦ መያዝ፥ ሁለቱም መጻሕፍት ጌታውን የሚያስገድዱበትን ስፍራ መዝለል ማለት ነው።

ይቅርታውስ? ጌታው በሞት አልጋ ላይ ሳለ የነፍስ አባቱ ባሮችህን ለነፍስህ ነፃ አውጣ ብሎ መምከሩ የቈየ ልማድ ነው፤ ብዙ ሰውም በዚህ ነፃ ወጥቶአል፤ እኛም ይህን እናከብራለን። ነገር ግን ሥርዓቱን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፥ የሚናዘዘው በዳይ፥ የሚፈታው ካህን፥ የሚሰረይለትም በዳይ መሆኑን ያያል። ተበዳዩ ከበር ውጭ ቆሞ ነው።

መጽሐፍ ግን ተበዳዩን ከበር ውጭ አያቆመውም። የኢዮቤልዩ መለከት የሚነፋው በሰባተኛው ወር በዐሥረኛው ቀን፥ ማለት በማስተስረያው ቀን መሆኑን ዘሌዋውያን 25 ይናገራል። የኃጢአት ስርየትና የባርያ ነፃነት በአንድ ቀን ይውላሉ ማለት ነው። ቤተ እስራኤሎች በጎንደርና በሰሜን ይህንኑ ቀን አስተስርዮ ብለው በጾም ሲያከብሩት ኖረዋል። መጽሐፈ ኩፋሌም፥ ሙሉው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የቈየው መጽሐፍ፥ የዓለምን ታሪክ ሁሉ በ49 ዓመት ኢዮቤልዩ ከፍሎ ይቈጥራል። ኢዮቤልዩን የማያውቅ የኢትዮጵያ ሊቅ አልነበረም ለማለት ነው። የአይሁድ መምህራን ቃል በተሰበሰበበት በሚሽና ደግሞ፥ ዮማ በተባለው ክፍል፥ የማስተስረያው ቀን በሰውና በእግዚአብሔር መካከል ያለውን በደል ያስተሰርያል፤ በሰውና በባልንጀራው መካከል ያለውን ግን ባልንጀራውን እስኪያስታርቅ ድረስ አያስተሰርይም የሚል ትምህርት ይገኛል። ቤተ እስራኤሎች ሚሽና አልነበራቸውም፤ ክርስቲያኑም ከቶ አላነበበውም። ነገር ግን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ተወውና አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ሲል የሚያስተምረው ያንኑ ነው። ዘኬዎስም በሉቃስ 19 የበደልሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ልኩን ያገኘው ከዘጸአት 22 ነው፤ በግ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ አራት በግ ይከፍላልና። መዳን ለዚህ ቤት ሆነ የተባለውም ከዚህ ቃል ኪዳን በኋላ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ኦሪት የፍርድ፥ ወንጌል የይቅርታ መጽሐፍ ነው ብለው ሲከራከሩ እንሰማለን፤ ማቴዎስ 18ንም ይጠቅሳሉ። ምሳሌውን እስከ መጨረሻው ቢያነቡት መልካም ነበር። ዕሥር ሺህ መክሊት የተተወለት አገልጋይ ወጥቶ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አነቀ፤ ንጉሡም ምሕረቱን መልሶ ወሰደ። የጊሚራን ታሪክ ይዘን ስናነበው፥ አናቂው በኑዛዜ የተፈታው ጌታ ነው። የአገራችን ሽማግሌም ቢሆን በዳዩ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ጥፋቱን ሳያምን፥ ካሣውም ሳይቈረጥ ዕርቅ አውርድ ብሎ ተበዳዩን አያስገድድም።

ይህ ሥርዓት በመንግሥት ደረጃ ያልታወቀ አልነበረም። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ በኢጣልያኖች ላይ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ፤ ዓለምም አደነቀ። ይህ ይቅርታ ግን ካሣውን አላስቀረም። በየካቲት 1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የዕርቀ ሰላም ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተወስኖአል። ይቅር ያለውም ካሣ የጠየቀውም አንዱ መንግሥት ነው፤ የሚቃረን መስሎ የታየው ሰውም አልነበረም። በውጭው ጠላት ላይ የተሠራበት ይህ ሚዛን በአገር ውስጥ ለተሸጠው ሰው ለምን አልተሠራበትም ብሎ መጠየቅ የታሪክ ተማሪ መብት ይመስለናል።

ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ባርነትን በሕግ ጨርሶ አጠፋ። ከቀደሙት ሕጎች ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነው፤ ጌታው እስኪሞት መጠበቅ ቀርቶአልና። ነገር ግን ዘዳግም 15 ነፃ የወጣውን ሰው ባዶ እጁን እንዳትሰደው፥ ከበጎችህና ከዐውድማህ ከወይን መጥመቂያህም ስጠው ይላል። በ1934ቱ አዋጅ ነፃ የወጣው ሰው የወጣው ባዶ እጁን ነው። መሬቱ በመልከኛውና በነፍጠኛው ስም ተይዞ ስለ ነበር፥ ከባርነት የወጣው በዚያው ጌታ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። በነቢዩ ኤርምያስ ምዕራፍ 34 በንጉሥ ሴዴቅያስ ዘመን የኢየሩሳሌም መኳንንት ባሮቻቸውን በቃል ኪዳን ነፃ ካወጡ በኋላ መልሰው እንደ ገዟቸው እናነባለን። ሁለቱ ታሪኮች አንድ ናቸው አንልም፤ በቡናው አገር ባርያውን መልሶ ለመግዛት የሚያስፈልግ ነገር አልነበረም፤ መሬቱን መያዝ በቂ ነበር።

መሬቱ የተመለሰው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ጭሰኝነት ቀረ፤ የጫካው ቡና ለሚለቅመው ገበሬ ሆነ፤ በበቃና በቴፒ ግን ሰፋፊ የቡና ተክሎች በመንግሥት እጅ ተቋቋሙ። ዘሌዋውያን 25 ስለ ኢዮቤልዩ ሲናገር ሁለት መመለስን አንድ ላይ ያዝዛል፤ ሰው ወደ ርስቱ ይመለስ፥ ሰው ወደ ወገኑ ይመለስ ይላል። ከቤንችና ከሸኮ፥ ከዲዚም አገር ተነድተው በአዲስ አበባና በሰሜን ቤቶች የቀሩት፥ ስማቸው በጥምቀት የተለወጠ፥ ልጆቻቸውም የአያታቸውን ቋንቋ ያላወቁት ብዙዎች ናቸው። ርስቱን የሚመለከት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ወጣ፤ ወገንን የሚመለከተው ግን አልወጣም።