የደማስቆና የካይሮ ዱዓ፦ ወረርሽኙ ቀለለ ወይስ ባሰ?



በዱዓና በሩቅያ ስለመፈወስ የሚደርሰን ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «እውነት ነው ወይስ ማታለያ?» የሚል። ጠያቂዎቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ቁርኣን ተቀርቶለት የዳነ ዘመድ ያለው ነው። ሌላው ለታመመች እናቱ ሌሊቱን በዱዓ አንግቶ በነጋታው የቀበራት ነው። የዚህኛው ጥያቄ ይከብዳል። ስለ ሩቅያ የሚጠይቅ ይምሰል እንጂ በውስጡ «ዱዓዬ ተመልሶብኝ ይሆን?» እያለ ነው።

ይህን ጥያቄ በሁለት ቃል ብያኔ ሰጥተን ልናልፈው አልፈለግንም። ከእኛ በፊት የአንድ ትልቅ ከተማ ሕዝብ በሙሉ የጠየቀው ጥያቄ ነውና ዛሬ ወደ ታሪክ እንመለሳለን።

አስቀድመን መሠረቱን እናስቀምጥ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ጥቂት ሰሐባዎች በጉዞ ላይ ሳሉ ከአንድ የዐረብ ጎሳ ዘንድ ደረሱ፤ ጎሳው ግን በእንግድነት አልተቀበላቸውም። በዚያው መሀል የጎሳው አለቃ ተነደፈ። ሰዎቹ የሚያውቁትን ሁሉ ሞክረው አልሆን ሲላቸው ወደ እንግዶቹ መጡ። አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ.) በጎች እንዲሰጧቸው ከተስማሙ በኋላ ሱረቱል ፋቲሓን ቀሩበት፤ ሰውየውም ምንም እንዳልነካው ተነስቶ ሄደ። በጎቹን ግን ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) ሳይጠይቁ አልተከፋፈሉም፤ እርሳቸውም ፈቀዱላቸው። ዛሬ ለሩቅያ ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች ይህን ሐዲስ አዘውትረው ይጠቅሳሉ። በጎቹ የተሰጡት አለቃው ከዳነ በኋላ መሆኑን ግን ሲጠቅሱ ሰምተን አናውቅም።

በሌላ ዘገባ ደግሞ በጃሂሊያ ዘመን ሩቅያ ያደርጉ የነበሩ ሰዎች ስለ ጉዳዩ ሲጠይቁ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የሚያነቡትን ነገር እንዲያቀርቡላቸው አዘዋል፤ ሽርክ ከሌለበት እንደማይከለክሉም ገልጸዋል። ሙስሊም ዘግበውታል። እንግዲህ ሩቅያ ከመጀመሪያው ተገልጦ የሚታይ፣ የሚመረመር ነገር ነበር ማለት ነው። ከዚህም ጋር በሽታን ያወረደው አላህ ፈውሱንም አውርዷልና እንድንታከም አዘውናል። ስለዚህ ለሙስሊም አላህ በዱዓ ይፈውሳል ወይ የሚለው ነገር አያጠራጥርም። ችግሩ የሚመጣው ዱዓው ተደርጎ በሽታው ያልተነሳ ጊዜ ነው።

ጊዜው 749 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1348) ነው። አውሮፓውያን «ጥቁሩ ሞት» ያሉት ጧዑን ሻምን እያጨደ ነበር። ታላቁ መንገደኛ ኢብን በጡጣ ደማስቆ ሲደርሱ የከተማዋ ገዥ አርጉን ሻህ ሕዝቡ ሦስት ቀን እንዲጾም፣ በገበያም ቀን ቀን ምግብ እንዳይሠራ አዋጅ አስነግሮ ነበር። የደማስቆ ሰው አብዛኛውን ምግቡን ከገበያ ነበርና የሚያገኘው፣ አዋጁ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት ይቻላል። ሦስተኛው ቀን ሐሙስ ነበር። አሚሮች፣ ሸሪፎች፣ ቃዲዎችና ፉቀሃዎች በታላቁ መስጂድ ተሰብስበው ሌሊቱን በሶላትና በዱዓ አነጉ። የሱብሒን ሶላት እንደሰገዱ ሁሉም ቁርኣን ይዘው በእግራቸው ወጡ፤ አሚሮቹ ባዶ እግራቸውን ነበሩ። ወንድ ሴቱ፣ ትንሽ ትልቁ ተከተለ። አይሁዶች ኦሪታቸውን፣ ክርስቲያኖች ወንጌላቸውን ይዘው ከነልጆቻቸው ወጡ። ይህ ሁሉ ሕዝብ እያለቀሰ ከከተማው ውጪ ወደሚገኘው የአቅዳም መስጂድ ሄዶ እስከ ቀትር ድረስ ሲማጸን ቆየ። ከዚያም ተመልሶ ጁምዓን ሰገደ።

ውጤቱስ? ኢብን በጡጣ አላህ እንዳቀለለላቸው ይናገራሉ። ማስረጃቸውም በደማስቆ በአንድ ቀን የሚሞተው ሰው 2,000 አልሞላም፣ በካይሮ ግን 24,000 ደርሷል የሚል ነው።

ይህንኑ ቀን የጻፉት እርሳቸው ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ነገር ግን ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒ (ረሒመሁላህ) ስለ ጧዑን በጻፉት «በዝሉል ማዑን» በተሰኘው መጽሐፍ የደማስቆን መውጣት አንስተው ተቃራኒውን ይነግሩናል። ከዱዓው በፊት በሽታው ቀለል ያለ ነበር፤ የባሰው ሕዝቡ ወጥቶ ከተመለሰ በኋላ ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ሕዝብ፣ አንድ ዱዓ፤ ሁለት ተቃራኒ ምስክርነት!

ኢብን ሐጀር ማን እንደሆኑ ለማታውቁ፦ የሶሒሕ አል-ቡኻሪን ማብራሪያ ፈትሑል ባሪን የጻፉት የካይሮው ዓሊም ናቸው። በ773 ዓመተ ሂጅራ (1372) ተወልደው በ852 (1449) አርፈዋል። የሐዲስ ሰው እንደመሆናቸው መጠን ወሬን ሳይመዝኑ አይቀበሉም። እርሳቸውም በዘመናቸው ያዩትን ጻፉ። በ833 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1430) ረቢዑል አኺር 27 ቀን ጧዑን በካይሮ ጀመረ። የሟቹ ቁጥር በቀን ከ40 በታች ነበር። እንደ ዝናብ መለመኛው ሶላት ሦስት ቀን እንዲጾም ታወጀ፤ ጁማደል ኡላ 4 ቀን ሕዝቡ ወደ በረሃው ወጣ፣ ለተወሰነ ጊዜ ቆሞ ዱዓ አደረገ፣ ተመለሰ። ወሩ ሳያልቅ የሟቹ ቁጥር በቀን ከ1,000 በላይ ሆነ፤ ከዚያም ጨመረ።

አንድ ታላቅ ዓሊም ይህን መደበቅ አይችሉም ነበር? ይችሉ ነበር። «አላህ አቀለለልን» ብለው ቢያልፉት ማንም አይሞግታቸውም። እርሳቸው ግን ቁጥሩን ከፊት ከኋላው መዝግበው አስቀመጡልን።

እስቲ ቁጥሮቹን እንመርምራቸው። ኢብን በጡጣ ያነጻጸሩት ሁለት ከተሞችን ነው። ካይሮ ግን ከደማስቆ እጅግ የሰፋች ከተማ ናት፤ የሟቿ ቁጥር ቢበልጥ ከዱዓው ጋር የግድ አይያያዝም። የኢብን ሐጀር ንጽጽር ከፊትና ከኋላ በመሆኑ ይሻላል፤ ሆኖም ሕዝቡ የወጣው በሽታው ከገባ ሳምንት ያህል ብቻ እንደሆነው ልብ በሉ። ወረርሽኝ በመጀመሪያው ሳምንት ገና እየወጣ ያለ ነገር ነው፤ ባይወጡም ቁጥሩ ያድግ ነበር። ከ40 ወደ 1,000 መድረሱ ዱዓውን ውሸት አያደርገውም። በአንጻሩ ሕዝቡ የወጣው በሽታው ሊያበቃ በተቃረበበት ሳምንት ቢሆን ኖሮ፣ ያው ዱዓ «ተአምር ሠራ» ይባልለት ነበር። ብዙ የዘመናችን «ፈዋሾች» ዝና የተገነባው እንዲህ ባለ አጋጣሚ ላይ መሆኑን እንፈራለን።

መሰባሰቡ ራሱስ? የጧዑን ባክቴሪያ የተገኘው በ1894 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ነው። ከአይጥ ወደ ሰው በቁንጫ እንደሚሻገር፣ ሳንባ የገባው ዓይነት ደግሞ በትንፋሽና በሳል እንደሚተላለፍ ዛሬ እናውቃለን። ኢብን ሐጀር ይህን አያውቁም ነበር፤ እንዲያውም ጧዑን የጂን ውጊያ ነው የሚለውን ዘገባ ይዘው በሽታ በራሱ ይተላለፋል የሚለውን አይቀበሉም። የግራናዳው ሊሳኑዲን ኢብኑል ኸጢብ ግን ከእርሳቸው በፊት መተላለፉን ካዩት ተነስተው ተሟግተዋል። ኢብን ሐጀር መውጣቱን የነቀፉት በሌላ ምክንያት ነው፦ ለጧዑን እንዲህ ተሰብስቦ መውጣት ከቀደምቶቹ ያልመጣ ቢድዓ ነው አሉ። ዱዓን ግን አልነቀፉም። እያንዳንዱ ሰው ጌታውን እንዲለምን መጽሐፋቸው ያስተምራል።

ቀደምቶቹ እንዴት ነበሩ? በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 639) ሻም ውስጥ የዐምዋስ ጧዑን ሲገባ ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ወደዚያው እየተጓዙ ነበር። ሰርግ ከተባለው ቦታ ሲደርሱ ወሬውን ሰምተው ሙሃጂሮችን፣ አንሷሮችንና የቁረይሽ ሽማግሌዎችን አማከሩ፤ ለመመለስም ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር መሸሽ እንዳይሆን ሲጠይቁ፣ ዑመር የሚሸሹት ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሆነ መለሱ። ግመሎችህን ብታሰማራ ለምለሙም ሆነ ደረቁ ሸለቆ በአላህ ቀደር አይደለም ወይ አሏቸው። ኋላም ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) ጧዑን ወዳለበት አገር አትግቡ፣ ካላችሁበትም ሸሽታችሁ አትውጡ የሚለውን የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ትእዛዝ ነገሯቸው፤ ዑመርም አላህን አመሰገኑ። በ2020 የመካ ሐረም ለዑምራ ተጓዦች በተዘጋ ጊዜ ብዙ ዑለማዎች ያስታወሱን ይህንኑ ሐዲስ ነው።

በዐምዋስ አቡ ዑበይዳ ሞቱ። ሙዓዝ ኢብን ጀበልም ሞቱ። አቡ ዑበይዳ በጀነት ከተበሰሩት አስሩ አንዱ ናቸው። ዱዓቸው ተቀባይነት ስላልነበረው ሞቱ የሚል ሙስሊም አለ? እናቱን የቀበረው ወንድማችን እዚህ ላይ ጆሮውን ይስጠን። በጧዑን የሞተ ሙስሊም ሸሂድ እንደሆነ በሐዲስ መምጣቱም ይታወሳል። እንዲያውም የኋላ ዑለማዎች «ሸሂድነት ከሆነ እንዲነሳ መለመን ይፈቀዳል ወይ?» ብለው እስከመከራከር ደርሰዋል።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በሽተኛውን «ኪኒኑን ጣል፣ ቁርኣን ይበቃሃል» የሚሉ አሉ። ኢብኑል ቀይም (ረሒመሁላህ) መካ ታመው በፋቲሓና በዘምዘም ራሳቸውን ያክሙ እንደነበር ጽፈዋል፤ ያንን ያደረጉት ግን ሐኪምና መድኃኒት ባጡ ጊዜ መሆኑን አብረው ጽፈዋል። ያን የያዘው መጽሐፋቸውም ስለ ማርና ስለ ዋግምት፣ ስለ ምግብና ስለ መድኃኒት ሞልቶ የተረፈ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ለወራት የሚወሰድ ነው፤ ሳል ስለቀነሰ መሀል ላይ ያቋረጠ ሰው በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ ይመለስበታል፤ ለቤተሰቡም ያንኑ የተላመደውን ያስተላልፋል። ይህን ያደረገ «ፈዋሽ» በካሴት ያስቀዳው የዳኑትን ምስክርነት ነው። ያልዳኑት የት አሉ? ስማቸውን ማን ጻፈ?

ኢብን ሐጀር ግን ጽፈዋል። ለዚህ መጽሐፍ መሰብሰብ የጀመሩት በ819 ዓመተ ሂጅራ ሁለት ሴት ልጆቻቸው በጧዑን በሞቱበት ዓመት ነው። የጨረሱት በ833 ነው። በዚያው ዓመት፣ ያ ሕዝብ ከበረሃ በተመለሰበት ወረርሽኝ፣ ትልቋ ልጃቸው ዘይን ኻቱን እርጉዝ ሳለች ሞተች። ዱዓ የሚያስተምረው ክፍል በመጽሐፉ ውስጥ እስከዛሬ አለ።