በመርከብ ስለ ተጋዙት ወገኖቻችን

የጓሳን ሜዳ ወደ ምሥራቅ ጨርሶ ከገደሉ አፋፍ የቆመ ሰው የአፋርን ቈላ ከበታቹ ያያል፤ ከቈላው ወዲያ ባሕር እንዳለ ግን ይሰማል እንጂ አያይም። ቢሆንም እኛ የመንዝ ካህናት ያላየነውን ባሕር በጸሎት እናውቀዋለን፤ በየብስና በባሕር ስለሚሄዱ ሰዎች መለመን የቅዳሴያችን ሥርዓት ነውና። በ1929 ዓመተ ምሕረት ይህ ልመና ከተጻፈላቸው መንገደኞች መካከል የገዛ ወገኖቻችን ተጨመሩ፤ የሄዱትም ታስረው ነው።

ግዞት ለሀገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ንጉሥ የተቈጣው መኰንን ወደ አምባ ይወጣ ነበር፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በአንኮበር አጠገብ ያለው ጎንቾ የታወቀ የእስረኞች ስፍራ ነበረ። የአምባን ክፋት ላሳንሰው አልሻም፤ እግረ ሙቅ የትም እግረ ሙቅ ነው። ነገር ግን አምባው በሀገር መካከል ነውና ከዘመድ የተላከ ስንቅ ሊደርስ ይችላል፤ እስረኛውም ቢሞት መርዶው ይሰማል፤ መርዶ ከተሰማ ፍትሐቱም ተዝካሩም በወጉ ይሆናል። ባሕር ያቋረጠው ይህን ነው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ በአዲስ አበባ የተደረገውን እልቂት አንባቢ ያውቀዋል። ከእልቂቱ ያመለጡትን መኳንንትና የተማሩ ሰዎች፥ ሴቶችንና ሕፃናትንም ጭምር፥ አራት መቶ የሚያህሉትን ጠላት በመርከብ ጭኖ በቀይ ባሕርና በስዌዝ በኩል ወደ ኢጣልያ አጋዘ። ብዙዎቹ በሰርዴኛ አጠገብ ባለችው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ፤ ይህች ደሴት ከዚያ በፊትም የወንጀለኞች መታሰሪያና የበሽተኞች መለያ ነበረች። ቅዱስ ጳውሎስም እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም በመርከብ ሄዷል፤ በመርከቡ የነበሩት 276 ነፍስ እንደ ነበሩ ሉቃስ ቈጥሮ ጽፎልናል። ጳውሎስ ግን በፊስጦስ ፊት ቆሞ ክሱን ሰምቷል፤ መልስ ሰጥቷል፤ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። ለእነዚህ ችሎት አልተቀመጠላቸውም፤ ይግባኝ የሚሉበትም ዳኛ አልነበረም። ወንጀለኛ ያደረጋቸው መጫናቸው ብቻ ነው።

ስም ያልነበራቸው ደግሞ የባሰ ገጠማቸው። አንዳንዶቹ በምጽዋ ፊት ለፊት ባለው በዳህላክ ደሴቶች ውስጥ ወደ ኖኩራ፥ አንዳንዶቹም በሶማሌ ባሕር ዳር ወደ ደናኔ ተወሰዱ። በደናኔ ታስረው የነበሩት ሚካኤል ተሰማ በመሐላ በሰጡት ቃል ወደዚያ ከገቡት 6,500 ሰዎች 3,175ቱ በመጥፎ ምግብ፥ በተበላሸ ውሃና በወባ እንደ ሞቱ መስክረዋል። ከደጋ የወጣ ሰው፥ ባና ለብሶ ውርጭ የለመደ፥ በዚያ ሙቀት እንዴት እንደሚከርም የሚያውቅ ያውቀዋል።

ራስ እምሩ ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ከተያዙ በኋላ በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። ከእርሳቸው ጋር የዘመቱት፥ በጎጃም በደብረ ኤልያስ ቅኔ የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁም በፖንዛ፥ በኋላም በሊፓሪ ታስረው እስከ 1935 ዓ.ም. ቈይተዋል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ሙሶሊኒ ከሥልጣኑ ተሽሮ ለጥቂት ቀን የታሰረው በዚያችው በፖንዛ ነው፤ ይህን ስጽፍ ፈገግ ብል አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ጠላት መሪዎቹን ባሕር ካሻገርሁ ሀገሩ እረኛ እንደሌለው መንጋ ይሆናል ብሎ አስቦ ነበር። ግን ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች አርበኞች በዚሁ በሸዋ ደጋ እስከ ነፃነት ድረስ ሲዋጉ ኖሩ። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በመንዝ ጌራ ምድር በዘረት ዋሻ የተጠለሉትን፥ ሴትና ሕፃን ሳይለይ፥ በመርዝ ጋዝና በጥይት ፈጇቸው። የእነዚህ አጥንት እንኳ በገዛ ሀገሩ ነው፤ ስፍራውን ልጅ ለልጅ ያሳያል።

ግራዚያኒ ተሽሮ የአኦስታው መስፍን ከተተካ በኋላ ከተጋዙት ብዙዎቹ ወደ ሀገራቸው ተመልሰዋል። የማይመለሱም ነበሩ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ባላቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ከተገደሉ በኋላ ከልጆቻቸው ጋር ተጋዙ፤ በአዚናራም ታሰሩ። ኋላም ወደ ቱሪን ከተማ ተወስደው በጥቅምት ወር 1933 ዓ.ም. በዚያው አረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያን ጊዜ ወደ ሀገራቸው ለመግባት በሱዳን ሆነው ይዘጋጁ ነበር። ድሉም ልዕልቲቱ ባረፉ በሰባተኛው ወር ሆነ። ሳምሶንና መርዕድ የተባሉት ልጆቻቸው ከጦርነቱ በኋላ ሀገራቸው ገቡ፤ የእናታቸው መቃብር ግን ከባሕር ማዶ በቱሪን ቀረ።